ማን ይጠየቅ? የአዮዋ ፉትቦል ቡድን የዘረኝነት አቤቱታ ከሥሩ ሲብራራ

ጁን 5 ቀን 2020 ጄምስ ዳንኤልስ የተባለ የቺካጎ ቤርስ ተጫዋች ትዊተር ላይ አጭር መልእክት ጻፈ (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቀድሞ በተጫወተበት በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ውስጥ የዘር ልዩነት እንደበዛ፣ ጥቁር ተጫዋቾችም ለረጅም ጊዜ እንደተበደሉ የሚገልጽ ነበር። ጆርጅ ፍሎይድ በጎረቤት ግዛት በሚኒሶታ በፖሊስ እጅ ከሞተ ገና 11 ቀኑ ነው። ከዳንኤልስ በኋላ ሌላ ጻፈ፣ ከዚያ ሌላ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የቀድሞ ተጫዋቾች ቁጥር በአሥሮች ደረሰ። የዳንኤልስ መልእክት በወጣ በማግስቱ የቡድኑ የጥንካሬ አሰልጣኝ (ተጫዋቾቹን ክብደት የሚያሠሩት) ክሪስ ዶይል ከሥራ ታገዱ።

ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ደጋፊዎች ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ። አንዱ «ዋና አሰልጣኙ መባረር አለባቸው» ይላል። ሌላው «ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው በምን አፋችሁ?» ይላል። ሦስተኛው የሚያንገበግበው ከግብሩ የወጣው ገንዘብ ነው። ሁሉም «ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ ማለት ነው። ማን ይጠይቀዋል፣ ምን ብሎ ይጠይቀዋል የሚለው ካልተለየ ክርክሩ መቋጫ አያገኝም።

የኮሌጅ ፉትቦል ይህን ያህል የሚያከራክረው ለምንድን ነው?

ፉትቦል ያልነው ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ የሚለበስበትን የአሜሪካ ጨዋታ ነው። አዮዋ በኤን.ኤፍ.ኤል.፣ ማለትም በከፍተኛው የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ ቡድን የላትም። ስለዚህ «ሆክአይስ» የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቡድን ለብዙ የግዛቲቱ ሰው የራሱ ቡድን ሆኖ ይቆጠራል። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሰው ኪኒክ ስታዲየም ይገባል። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ያ ሁሉ ሕዝብ ይነሣና ፊቱን ስታዲየሙን ቁልቁል ወደሚያየው የሕፃናት ሆስፒታል አዙሮ፣ በመስኮት ለቆሙት ታማሚ ልጆች እጁን ያውለበልባል። ከ2017 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቡድኑ በዘረኝነት ሲወቀስ እሱ ራሱ የተወቀሰ ያህል ቢሰማው አይገርምም። ክርክሩን የሚያጦዘው ይህ ፍቅር ነው።

በሌላ በኩል በአዮዋ ግዛት ከሚኖረው ሕዝብ ጥቁሩ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በትልቁ የኮሌጅ ፉትቦል እርከን ደግሞ ከተጫዋቾቹ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነው። ከቺካጎ ወይም ከኒው ጀርሲ የመጣ የ18 ዓመት ልጅ እሱን የሚመስል ሰው በብዛት ወደማያይበት ከተማ ይገባል፤ የሚበላውን፣ የሚተኛበትን ሰዓት፣ የሚለብሰውን ሳይቀር ቡድኑ ይወስንለታል።

የሥልጣኑን መሰላል ማወቅም ያስፈልጋል። ከላይ በግዛቱ የሚሾም የበላይ ቦርድ አለ። ከሥሩ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ ከፕሬዚዳንቱ ሥር የስፖርት ዳይሬክተሩ፣ ከዳይሬክተሩ ሥር ዋና አሰልጣኙ፣ ከዋና አሰልጣኙ ሥር ረዳቶቹ። በወረቀት ላይ ነገሩ ይኸው ነው። በተግባር ግን ዋና አሰልጣኙ ኪርክ ፌረንትዝ ከ1999 የውድድር ዓመት ጀምሮ ቦታቸው ላይ ያሉ፣ ደመወዛቸው ከፕሬዚዳንቱ ደመወዝ ብዙ እጥፍ የሆነ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «ና እስቲ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ በተግባር አይገኝም።

ተጫዋቾቹ ያሉት ምንድን ነው?

አቤቱታው በዋናነት ያነጣጠረው የጥንካሬ አሰልጣኝ በነበሩት በክሪስ ዶይል ላይ ነው። ተጫዋቾቹ እንዳሉት ዶይል ጥቁር ልጆችን በአስተዳደጋቸውና በመጡበት ሠፈር ያሸማቅቁ ነበር፤ «ወደ መጣህበት ጎዳና እመልስሃለሁ» የሚል ዓይነት ዛቻ፣ በአረማመድ ላይ ሳይቀር ነቀፋ። ዶይል የሥነ ምግባር መስመር አልፈውም ሆነ በዘር አድልተው እንደማያውቁ ገልጸው አስተባብለዋል። የማጥቃት ጨዋታው አስተባባሪና የዋና አሰልጣኙ ልጅ ብራያን ፌረንትዝም ስማቸው ተነሥቷል።

ከግለሰቦቹ በላይ ግን ብዙዎቹ ያነሡት «የአዮዋ መንገድ» የሚባለውን ነው። በሕንፃው ውስጥ ኮፍያ አይደረግም ነበር፤ የጆሮ ጌጥ ይወለቅ ነበር፤ ትዊተር ክልክል ነበር። ደንቡን በወረቀት ላይ ስታነበው ለሁሉም እኩል ነው። ሲሠራ ግን አንዱን ልጅ ከቤቱ እንደመጣ ሲቀበለው፣ ሌላውን ከጸጉሩ እስከ አነጋገሩ እንዲለወጥ ያስገድደዋል። ጥቁሮቹ ተጫዋቾች «ራሳችንን መሆን አልቻልንም» ያሉት ይህንን ነው። ብዙ ደጋፊ «ደንብ ለሁሉም እኩል ከሆነ ዘረኝነቱ የቱ ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቀውም እዚሁ ላይ ነው፤ መልሱ ያለው ደንቡ ማንን እንደ መነሻ አድርጎ ተሰፋ በሚለው ውስጥ ነው። ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለሁሉም ቢታደልም ለሁሉም አይሆንም።

የጥንካሬ አሰልጣኝ ይህን ያህል ኃይል ከየት ያገኛል?

ይህ ነጥብ ሳይብራራ ይታለፋል፤ ሳይያዝ ግን ቀሪው አይገባም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ተጫዋቹ በስፖርቱ ላይ የሚያሳልፈውን ሰዓት ይገድባል፤ በውድድር ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ ከወቅቱ ውጭ 8 ሰዓት። ከወቅቱ ውጭ ባሉት ወራት የጨዋታ አሰልጣኞች ከተጫዋቹ ጋር የሚገናኙበት ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። ክብደት ማንሻ ክፍሉ ግን አይዘጋም። ጥር ላይም፣ ሐምሌ ላይም ገና ጎህ ሲቀድ ልጁን የሚቀበለው፣ ክብደቱን የሚመዝነው፣ ማርፈዱን የሚጽፈው፣ ለዋና አሰልጣኙ «ይህ ልጅ ልቡ እዚህ የለም» ብሎ የሚነግረው የጥንካሬ አሰልጣኙ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ ዳይሬክተሩን በሰልፍ ላይ ብቻ ያያል፣ ዕጣ ፈንታው ግን በዩኒት ሊደሩ እጅ ነው።

ዶይል በዓመት 800 ሺህ ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ በሥራ ዘርፋቸው በአገሪቱ ከፍተኛው ደመወዝ ነበር። ከ2020 በፊትም ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር ደርሶ ያውቃል። በጃንዋሪ 2011 ተጫዋቾቹ ከእረፍት እንደተመለሱ፣ ማንሳት ከሚችሉት ትልቁ ክብደት ግማሹን ተሸክመው 100 ጊዜ ቁጭ ብድግ እንዲሉ ታዘዙ፤ ሰዓትም ተያዘባቸው። 13ቱ ሆስፒታል ገቡ። ሕመሙ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል፤ ከአቅም በላይ የተሠራ ጡንቻ ሲፈርስ ውስጡ ያለው ነገር ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ያውካል፤ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል። ዩኒቨርሲቲው ያቋቋመው ኮሚቴ መንስኤው ልምምዱ መሆኑን ገልጾ እንዳይደገም አሳሰበ እንጂ በማንም ላይ ጥፋት አላሳረፈም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ፌረንትዝ ለዶይል የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ሽልማት ሰጧቸው። ያ የ2011 ጉዳይ ከዘር ጋር የተያያዘ አልነበረም። ግን ክብደት ማንሻ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ለተጫዋቾቹ ያስተማረ ትምህርት ነበር።

ለምን ያኔውኑ አልተናገሩም?

ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። መልሱ ብዙ ቁልፍ ያለው በር ነው። አንደኛ ነገር የሚናገሩበት አደባባይ አልነበረም፤ ትዊተር የተፈቀደላቸው ጁን 2020 ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ እስከ ኤፕሪል 2021 ድረስ ቡድን የቀየረ የፉትቦል ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። ያን ጊዜ ተጫዋቹ የነበረው አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አራቱን ብቻ ይጫወት ነበር። ትርፏን አንድ ዓመት ቀድሞ ለተጠቀመባት ልጅ፣ ሌላ ዓመት ወንበር ላይ ማሳለፍ ማለት የመጫወቻ ዘመኑን ሩብ መጣል ነው። ሦስተኛ፣ የኤን.ኤፍ.ኤል. ቡድኖች አንድን ልጅ ከመምረጣቸው በፊት ስለ ጠባዩ የሚጠይቁት አሰልጣኞቹን ነው፤ ከእነሱም አንዱ የጥንካሬ አሰልጣኙ ነው። «አስቸጋሪ ነው» የምትል አንዲት ቃል ልጁን በምርጫው ብዙ ዙር ወደ ታች ልታወርደው ትችላለች፤ ያ ደግሞ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ልዩነት ነው።

ስለዚህ ዝም ማለቱ «አልደረሰብኝም» ማለት አይደለም። ዳንኤልስ የተናገረው ከዚህ ሁሉ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ወቅቱም ረድቶታል፤ በዚያ ሳምንት አገሪቱ ስለሌላ ነገር አታወራም ነበር።

አጣሪዎቹ ምን አገኙ?

ዩኒቨርሲቲው ሀሽ ብላክዌል የተባለ የካንሳስ ሲቲ የሕግ ድርጅት ቀጠረ። ድርጅቱ ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ ጁላይ 30 ቀን 2020 ሪፖርቱን ይፋ አደረገ። የቡድኑ ደንቦች የዘርና የባህል አድልዎ እንዲቀጥል አድርገዋል፤ ጥቂት አሰልጣኞች ተጫዋቾችን ሲያዋርዱ የሚታለፍበት ባህል ነበር፤ ቁጥጥሩ ከመብዛቱ የተነሣ ልጆቹ በጭንቀት ይኖሩ ነበር። ደግሞም በቡድኑ ያሉት ተጫዋቾች ከጁን ወዲህ ሁኔታው መሻሻሉን ለአጣሪዎቹ ተናግረዋል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ሪፖርቱ ፍርድ አይደለም፤ አጣሪው ማንንም አስገድዶ አያስመሰክርም፤ ቃለ መሐላም የለም። አጣሪውን የቀጠረውም የከፈለውም ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። የቀድሞ ተጫዋቾች በዚህ ምክንያት ነው ገለልተኛነቱን የተጠራጠሩት፤ የቡድኑ ደጋፊዎች ደግሞ በዚሁ ምክንያት «ቤቱ ራሱ ካመነ ምን ቀረ?» ማለት ነበረባቸው። ለሕዝብ የወጣው ሪፖርት የሚናገረው ስለ ባህሉ ነው። በግለሰብ አሰልጣኞች ላይ የተዘጋጁት ሌሎች አራት ሪፖርቶች እንደ ሠራተኛ የግል ማህደር ተቆጥረው አብረው አልወጡም። «እገሌ ምን አደረገ?» ብሎ ለሚጠይቅ ደጋፊ መልሱ ያለው እነዚያ ያልወጡት ወረቀቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን «ማስረጃ አቅርቡ» ሲል ሌላው «ማስረጃውን ዘግተውበታል» ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ዋና አሰልጣኙ «አላወቅሁም» ቢሉስ?

ፌረንትዝ በጁን 2020 ማየት የተሳናቸው ነገር እንደነበረ ተናግረዋል። የክርክሩ እምብርት ይህ ነው፤ እንደሚጠይቀው አካል መልሱ ይለያያል።

አሠሪው ሲጠይቅ ጥያቄው «ማወቅ ነበረብህ ወይ?» የሚል ነው። በቺካጎ አቅራቢያ ያለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በጁላይ 2023 ያደረገውን እንይ። በቡድኑ ውስጥ አዲስ ተጫዋቾችን የማዋረድ ድርጊት እንዳለ አጣሪ አረጋገጠ፤ ዋና አሰልጣኙ ፓት ፊትዝጀራልድ ማወቃቸውን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ግን አልተገኘም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ታገዱ፤ በሦስተኛው ቀን ተባረሩ፤ በዚያው ሰሞን የቀድሞ ተጫዋቾች ስለ ዘረኝነትም መናገር ጀምረው ነበር። ፕሬዚዳንቱ የሰጡት ምክንያት የቡድኑ ባህል በመጨረሻ የዋና አሰልጣኙ ኃላፊነት ነው የሚል ነው። ፊትዝጀራልድ 130 ሚሊዮን ዶላር ጠይቀው ከሰሱ፤ በኦገስት 2025 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ይህ «ማወቅ ነበረብህ» የሚለው መንገድ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። የአሰልጣኝ ውል ሁለት ዓይነት ስንብት አለው፤ በጥፋት የሚሰናበት የቀረው ዘመን ደመወዝ አይከፈለውም፣ ያለ ጥፋት የሚሰናበት ግን በውሉ የተቆረጠው ይከፈለዋል። ጥፋቱ በወረቀት ካልተረጋገጠ ማባረር በሚሊዮኖች ያስከፍላል። ዶይልም በጁን 2020 የለቀቁት በስምምነት ነው፤ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ማለትም የ15 ወር ክፍያ ተቀብለው። ብዙ ደጋፊ «ጥፋተኛ ከሆነ ለምን ተከፈለው፣ ካልሆነስ ለምን ሄደ?» ብሎ የተናደደበት ሒሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ነገሩ ይገለበጣል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ታይትል ሲክስ በሚባለው ክፍል፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በዘር ማዳላት አይችልም። ካሳ ለማግኘት ግን ከሳሹ ነገሩን ማስተካከል የሚችል ኃላፊ በእርግጥ ያውቅ እንደነበረና እያወቀ ችላ እንዳለው ማሳየት አለበት። በዚህ ሕግ የሚከሰሰው ተቋሙ እንጂ ግለሰቡ አይደለም። ግለሰቦቹን ለመክሰስ ሌሎች ሕጎች አሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን በሥራው ላይ ለፈጸመው የተወሰነ ያለመከሰስ ከለላ አለው። ይርጋም አለ፤ በአዮዋ ለእንዲህ ያለው ክስ ሁለት ዓመት ነው። ዶይል ሥራ ከጀመሩበት ከ1999 አንሥቶ የተበደለ ተጫዋች አብዛኛው በይርጋ ታግዷል ማለት ነው።

ልዩነቱ በደንብ ይታይ። ደጋፊው አለቃ የሆነ ሰው የማወቅ ግዴታ አለበት ይላል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ማወቁ ካልተረጋገጠ ካሳ አይፈርድም። በሕጉ ፊት አለማወቅ መከላከያ ነው፤ በሥራ ኃላፊነት ፊት ግን አለማወቁ ራሱ ጥፋት ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤትን መሪው ላይ ባይቀመጥም ለደረሰው ጉዳት ካሳ ያስከፍለዋል፤ ደጋፊው ልቡ ውስጥ ያለው ሕግ ወደዚህ ይቀርባል። ታይትል ሲክስ ግን እንደዚያ አይሠራም።

ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የት ነበር?

ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነው። ማኅበሩ ዋና አሰልጣኝ በረዳቶቹ ጥፋት የሚጠየቅበት ደንብ አለው፤ ከ2023 ጀምሮም «አላወቅሁም» ማለት አይሠራም፤ ረዳቱ ካጠፋ ዋናው በራሱ ተጠያቂ ነው። ይህ የሚሠራው ግን በማኅበሩ ደንቦች ላይ ለሚፈጸም ጥፋት ነው፤ ተጫዋች ምልመላ፣ ስልክ መደወል፣ ገንዘብ መስጠት። ተጫዋችን በዘሩ ማዋረድ በማኅበሩ የቅጣት መዝገብ ውስጥ የለም።

ፌረንትዝ በኦገስት 31 ቀን 2024 በውድድር ዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ አልነበሩም። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ላይ በጣለው ቅጣት አንድ ጨዋታ ታግደው ነበር። ምክንያቱ ኬድ ማክናማራ የተባለውን ተጫዋች ስሙ በዝውውር መዝገብ ላይ ከመግባቱ በፊት ማነጋገራቸው ነው። የ2020ው ሪፖርት ያገኘው ነገር አንድም ጨዋታ አላስቀረባቸውም። ይህን የሚሰማ ሰው አሰልጣኙን ይቆጣል፤ እኔ ግን ቁጣው ደንቡን ወደጻፉት ቢዞር የበለጠ ቦታውን ያገኛል እላለሁ። ለስልክ ጥሪ ቅጣት የተቆረጠለት፣ ለውርደት ያልተቆረጠለት መዝገብ የሰው እጅ ሥራ ነው።

ስምምነት ማለት ጥፋትን ማመን ነው?

በኦክቶበር 2020 ስምንት የቀድሞ ተጫዋቾች በጠበቃቸው በኩል 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው፣ ሁለቱ ፌረንትዞችና የስፖርት ዳይሬክተሩ ጋሪ ባርታ እንዲባረሩ ጠየቁ። ዩኒቨርሲቲው እምቢ አለ። በኖቬምበር በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ ከሁለት ዓመት በላይ ከተጓተተ በኋላ በማርች 2023 በ4.175 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። ከዚያ ውስጥ 1.9 ሚሊዮን ያህሉ ለጠበቃው ድርጅት ሲሆን፣ በመጨረሻ 12 የሆኑት ከሳሾች እንደየጉዳያቸው ድርሻ ደረሳቸው፤ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚሆን እስከ 9 ሺህ ዶላር ድጎማም ተካቷል። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ አማካሪ ጋር የአምስት ዓመት የብዝኃነት ዕቅድ እንዲያወጣም ተስማሙ።

ከስምምነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለቱ ፌረንትዞችና ባርታ ከተከሳሾች ዝርዝር ወጡ። ፌረንትዝ ጉዳዩ በዚህ መልክ በመቋጨቱ በእጅጉ እንዳዘኑ፣ ቢቀጥል ክሱ ውድቅ ይሆን ነበር ብለው እንደሚያምኑ በጽሑፍ ገለጹ። እናም አንዱ ደጋፊ ስምምነቱን ይዞ «አመኑ» ይላል፣ ሌላው የፌረንትዝን ጽሑፍ ይዞ «ነጹ» ይላል። ስምምነት ሁለቱንም አይልም። ከሳሹ በማስረጃ ክብደትና በይርጋ ሊሸነፍ እንደሚችል ያውቃል፤ ተከሳሹ በአደባባይ ምስክር እየተሰማ ሊዋረድ እንደሚችል፣ የጠበቃ ወጪውም እንደሚንር ያውቃል፤ ሁለቱም ስጋታቸውን በገንዘብ ተመነው ይለያያሉ። የሚጠፋው ነገር እውነቱ በምስክር ፊት የሚወጣበት ቀን ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ ተበደልን ያሉትም፣ አልበደልንም ያሉትም በችሎት ፊት በመሐላ አልተሰሙም።

ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ?

በአዮዋ በመንግሥት ላይ የሚቀርብ ክስ በስምምነት ሲያልቅ ሦስት ሰዎች ያሉበት የግዛቱ ቦርድ ያጸድቀዋል፤ ገንዘብ ያዡ፣ ዋና ኦዲተሩና የማኔጅመንት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። ለዚህ ስምምነት 2 ሚሊዮኑ ከግዛቱ አጠቃላይ ካዝና፣ ማለትም ከግብር ከፋዩ፣ ቀሪው ከስፖርት ክፍሉ እንዲከፈል ተጠየቀ። ኦዲተሩ ሮብ ሳንድ ባርታ ካልተሰናበቱ የሕዝብ ገንዘብ አይውጣ ብለው ተቃወሙ፤ በባርታ ዘመን የአድልዎ ክስ በስምምነት ሲከፈልበት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2017 በሥርዓተ ፆታ አድልዎ ለከሰሱ ሁለት ሴቶች 6.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ነበር። ድምፁ 2 ለ 1 ሆኖ ጸደቀ።

ደጋፊው ተቆጣ፤ ቁጣው ምክንያት ነበረው። የስፖርት ክፍሉ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያንቀሳቅስ፣ በቴሌቪዥንና በትኬት ገቢ ራሱን የሚያስተዳድር ነው። በቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንቷ ባርባራ ዊልሰን የስፖርት ክፍሉ 2 ሚሊዮኑን ለግዛቱ እንደሚመልስ አስታወቁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሕዝብ ድምፅ የአንድን ውሳኔ አቅጣጫ በግልጽ የቀየረው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው የተለየ፣ ጠያቂው የታወቀ፣ መልስ የሚሰጠውም የታወቀ ስለነበር።

ታዲያ ማን ምን ሆነ?

ዶይል በፌብሩዋሪ 2021 በጃክሰንቪል ጃጓርስ ተቀጠሩ፤ ተቃውሞ ሲነሣ በማግስቱ ለቀቁ። ባርታ በ2023 ጡረታ ወጡ። ብራያን ፌረንትዝ ከ2023 የውድድር ዓመት በኋላ ሄዱ፤ ለመሄዳቸው የተነገረው ምክንያት ግን ቡድኑ በቂ ነጥብ ማስቆጠር አለመቻሉ ነው። እዚህ ላይ የዝምድና ደንቡን ማንሣት ያስፈልጋል። አባት ልጁን መቆጣጠር ስለማይፈቀድለት ብራያን በወረቀት ተጠሪነታቸው ለባርታ ነበር። ሜዳ ላይ የሚያዝዙት አባታቸው፣ የሚገመግሟቸው ደግሞ ሜዳ ላይ የሌሉ ሰው። ዋናው አሰልጣኝ በጃንዋሪ 2022 እስከ 2029 የሚዘልቅ፣ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ አዲስ ውል ፈርመዋል።

በ2021 ደግሞ የኪኒክ ሜዳ ከመቶ ዓመት በፊት በቡድኑ በተጫወተው፣ በኋላም ቺካጎ ውስጥ ዳኛ በሆነው ጥቁር ተጫዋች በዱክ ስሌተር ስም ተሰይሟል።

ዛሬ አንድ ተጫዋች እንዲህ ቢገጥመው?

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ሐበሻ ወላጆች ልጆቻቸውን በስፖርት ስኮላርሺፕ ይልካሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር በሩጫም፣ በእግር ኳስም፣ በቅርጫት ኳስም ይገጥማል። መጀመሪያ መዝገብ ይያዝ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል እንደተባለ፣ የነበረው ሰው። በኋላ «ሁልጊዜ ይሰድበኝ ነበር» ማለት ብዙ አይረዳም፤ ቀን ያለው አንድ ገጽ ይረዳል። ድምፅ ለመቅዳት የግዛቱ ሕግ ይታይ፤ በአዮዋም ሆነ በቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ሜሪላንድ ግን ሁሉም ካልፈቀዱ ወንጀል ነው።

አቤቱታው ለአሰልጣኙ በቃል ከመነገር ይልቅ ለዩኒቨርሲቲው የሲቪል መብት ቢሮ በኢሜይል ይጻፍ። ከላይ እንዳየነው ሕጉ «ኃላፊው ያውቅ ነበር ወይ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ቀን ያለው ኢሜይል ያንን ጥያቄ ይዘጋዋል። በቃል የተነገረ ግን ይካዳል። ለፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮም ማመልከት ይቻላል፤ ነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ጊዜው ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ 180 ቀን ብቻ ነው። ቢሮው በማርች 2025 ከ12 የክልል ጽሕፈት ቤቶቹ ሰባቱን ስለዘጋ መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ መዘግየቱ የክስ ይርጋን አያቆምም። ስለዚህ ማመልከቻው በተላከበት ሳምንት የይርጋውን ቀን ቆጥሮ የሚነግር ጠበቃ ማነጋገር ያስፈልጋል።